የኋላ ፍሬን ከካቦ አይጀመርም፦ «በ10 ደቂቃ በግቢዎ ያስተካክሉ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ ባለመኪኖች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የነበረ ጽሑፍ ለእኔም ደረሰኝ። ርዕሱ «የኋላ ፍሬንዎን በ10 ደቂቃ በግቢዎ ያስተካክሉ» ይላል። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ የኋላ ታምቡር ፍሬን (ከጎማው ጋር በሚዞር ክብ ብረት፣ ማለትም በታምቡሩ ውስጥ፣ ሸራ እየተለጠፈ የሚይዘው) ቀላል ነገር ነው፤ የእጅ ፍሬኑ ከላላ ካቦውን፣ ማለትም የሚስበውን የሽቦ ገመድ፣ ማጥበቅ፣ ያ ካልበቃ መኪናውን በክሪክ አንስቶ ጎማው እስኪይዝ ሸራውን መግፋት ይበቃል፤ ታምቡሩን መፍታት ትርፍ ድካም ነው።

በአንድ ነገር ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ይህ ሥራ በቤት ይሠራል። መፍቻ መያዝ የሚችልና የማይቸኩል ሰው በግቢው ሊሠራው ይችላል፤ መኪና ያለው ሰው ቢያውቀውም ደስ ይለኛል። የማልስማማው በአሠራሩ ነው። ጽሑፉ መጨረሻ ላይ የሚመጣውን መጀመሪያ ያደርጋል፣ መጀመሪያ መታየት ያለበትን ደግሞ ጭራሽ ይዘለዋል። እኛ ደግሞ የምንነዳው ከደሴ ወጥቶ በሐረጎ ቁልቁለት ኮምቦልቻ በሚወርድ መንገድ ላይ ነው፤ ከፊትም ከኋላም ከባድ መኪና አለ። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

«የእጅ ፍሬኑ ወደ ላይ ብዙ ከሄደ ካቦውን አጥብቁት፤ አለቀ» ይላል ጽሑፉ። ትልቁ ስህተት ይህ ነውና እዚህ ላይ ልቆይ።

በታምቡሩ ውስጥ ሸራ የለበሱ ሁለት ቅስት ብረቶች አሉ። ፔዳል ስትረግጡ የፍሬን ዘይቱ በትንሿ ሲሊንደር ውስጥ ያሉትን ፒስተኖች ገፍቶ ሸራዎቹን ወደ ታምቡሩ ግድግዳ ይለጥፋቸዋል። የእጅ ፍሬን ስትስቡ ደግሞ ካቦው በውስጥ ያለችውን ማንሻ ይስብና እነዚያኑ ሸራዎች በሌላ መንገድ ይከፍታቸዋል። ሸራው ባለቀ ቁጥር ከታምቡሩ እየራቀ ይሄዳል። ይህን ርቀት መልሶ የሚያጠበው ካቦው አይደለም፤ በሁለቱ ሸራዎች መካከል የተጋደመው ባለጥርስ ማስተካከያ ነው። ጥርሱ በዞረ ቁጥር ይረዝማል፣ ሸራዎቹም ወደ ታምቡሩ ይጠጋሉ።

ካቦውን ብቻ ስታጠብቁ ያ ርቀት እንዳለ ነው። ያደረጋችሁት ነገር ቢኖር ማንሻዋ ከማረፊያዋ ተነስታ ሁልጊዜ በከፊል ተስባ እንድትውል ነው። የእጅ ፍሬኑ ለጊዜው ቶሎ ይይዛል፤ የእግር ፍሬኑ ግን አሁንም ጠልቆ ነው የሚይዘው። ከዚህ የባሰም አለ። በብዙ መኪኖች ላይ ራሱን በራሱ የሚያስተካክለው ዘዴ የሚሠራው ማንሻዋ ወደ ማረፊያዋ ሙሉ በሙሉ ስትመለስ ነው። ካቦው ተወጥሮ ከያዛት ዘዴው ሥራ ያቆማል። ሸራው ማለቁን ይቀጥላል፣ እናንተም በየጥቂት ወሩ ካቦ ስታጠብቁ ትከርማላችሁ።

ኮምቦልቻ የሚኖር አንድ ጎረቤቴ ቪትዝ አለው። የካቦው ዳዶ እስከ ጥርሱ መጨረሻ ጠብቆ ከዚያ ወዲያ የሚሄድበት አልነበረውም፤ ሰው ሁሉ «ሸራው አልቋል፣ ቀይር» ይለው ነበር። ታምቡሩን አብረን ስናወጣው ሸራው ገና ብዙ ነበረው። ማስተካከያው ግን በአቧራና በዝገት ተጣብቆ ጥርሱ በጣት አልዞር ብሎ ነበር። አጽድተነው፣ ካቦውን አላልተነው፣ ከሸራው ጀምረን ስናስተካክል አዲስ ዕቃ ሳይገዛ ፔዳሉም የእጅ ፍሬኑም ተመለሰ።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። የእጅ ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ ይለቀቃል፤ ካቦውም በዳዶው እስኪላላ ይመለሳል። ከዚያ የሁለቱም የኋላ እግር ሸራ በባለጥርሱ ማስተካከያ ይጠጋል። ሸራዎቹ ቦታቸውን እንዲይዙ ፔዳሉ ደጋግሞ ይረገጣል፣ ጎማውም እንደገና በእጅ ይሞከራል። ካቦው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በብዙ ትናንሽ መኪኖች የእጅ ፍሬኑ ከ5 እስከ 9 ጥርስ (ሲሳብ «ጠቅ» የሚለው) ባለው ውስጥ አጥብቆ መያዝ አለበት፤ የመኪናችሁን ልክ ከመመሪያ መጽሐፉ ታገኙታላችሁ። በአንድና በሁለት ጥርስ የሚይዝ የእጅ ፍሬን ጎበዝ ፍሬን ነው ብሎ የሚኮራ ሰው አለ። እንዲህ ያለው ካቦ አብዛኛውን ጊዜ ከልክ በላይ ተወጥሯል፤ ሲለቀቅም ሸራውን ጨርሶ አይለቀውም።

ጽሑፉ ቀጥሎ «መኪናውን ማርሽ ውስጥ አስገብቶ በክሪክ ማንሳት በቂ ነው» ይላል። ይህ ሰው የሚገድል ምክር ነው።

የኋላ ሸራ ሲስተካከል የእጅ ፍሬኑ መለቀቅ እንዳለበት አይተናል። ስለዚህ መኪናውን የሚይዘው የቀረው ነገር ማርሹና ከጎማ ሥር የሚገባው ማገጃ፣ ታኮው፣ ብቻ ነው። ማርሹ መርዳት አለመርዳቱ ደግሞ መኪናው በሚጎተትበት እግር ይወሰናል። ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ዲዛየርና አዳዲሶቹ ኮሮላዎች በፊት እግር ስለሚጎተቱ ማርሹ መሬት ላይ ያሉትን የፊት ጎማዎች ይይዛል። ሂሉክስ፣ ሃይስ ሚኒባስና የድሮው ኮሮላ ዲኤክስ ግን የሚጎተቱት በኋላ እግር ነው። አንዱን የኋላ ጎማ ከመሬት ስታነሱት ዲፈረንሻሉ (ዙሩን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለው) የተነሳውን ጎማ በነጻ ያዞረዋል፤ መሬት ላይ የቀረው ጎማ ይንከባለላል፣ መኪናው አንደኛ ማርሽ ውስጥ እያለ ከክሪኩ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ የፊት ጎማዎች በሁለቱም በኩል፣ ከፊትም ከኋላም፣ በጠንካራ ታኮ ይያዙ። መኪናው ከተነሳ በኋላም ክብደቱ የብረት መቆሚያ ላይ ይረፍ። ክሪክ ማንሻ ነው፤ ሰው ሥሩ እጁን የሚያስገባበት መቆሚያ አይደለም። የወጣውን ጎማ ከመኪናው አካል ሥር ማስተኛትም ጥሩ ልማድ ነው፤ መኪናው ቢወርድ እንኳ ክፍተት ይቀራል።

ደሴ ላይ ሌላም ችግር አለ። ብዙው ግቢ ተዳፋት ነው፤ መኪና ለማንሳት የሚሆን ደልዳላ መሬት የሌለው ሰው ብዙ ነው። ተዳፋት ላይ ይህን ሥራ አትሥሩ። ደልዳላ ሲሚንቶ ያለው ወዳጅ ፈልጉ፤ ኮምቦልቻ ያለ ዘመድ ካላችሁ እዚያ ወርዳችሁ ሥሩት።

ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ የሚከተለው ነው። ጸሐፊው «ሐረጎን የምትወርዱ ከሆነ ሸራውን ጎማው በእጅ አልዞር እስኪል አጥብቁት፤ ታምቡሩ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ልኩን ያገኛል» ብለዋል። ታምቡር ሲሞቅ ይሰፋል ማለታቸው እውነት ነው። ከእውነቱ የተነሱበት መደምደሚያ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ያህል ላይ። በ25 ኪሎሜትር ገደማ መንገድ 650 ሜትር እንወርዳለን ማለት ነው። ሰው የጫነ 1,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና በዚህ ቁልቁለት የሚለቀው ጉልበት 7.6 ሚሊዮን ጁል ይጠጋል፤ አንድ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ ይተርፋል። ከፊሉን ነፋሱ ይወስዳል። በዝቅተኛ ማርሽ ከወረድን ሌላውን ሞተሩ ይቀበለናል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ የሚወርድ ሰው ግን የቀረውን ሁሉ በአራቱ እግር ፍሬን ላይ ያራግፈዋል።

አሁን በዚህ መንገድ ላይ ሸራው ጠብቆ የተነሳ መኪና አስቡ። ገና ከደሴ ሳይወጣ፣ ፔዳል ሳይረገጥ፣ ሸራው ታምቡሩን እየፈተገው ነው። ቁልቁለቱ ሲጀምር ታምቡሩ አስቀድሞ ሞቋል። ሙቀት የበዛበት ሸራ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ ሹፌሩ ይበልጥ ይረግጣል፣ ይበልጥ ይሞቃል። ሙቀቱ በሲሊንደሩ በኩል ወደ ፍሬን ዘይቱ ይሻገራል። ዶት 3 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው፤ ግን እርጥበት ከአየር ይስባል፣ እርጥበት ሲጠጣ ይህ ልክ ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ዘይቱ ከፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፣ ፔዳሉም እስከ ወለሉ ይሄዳል። «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚባለው ነገር አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በጣም የላላ ሸራም ቢሆን ለሐረጎ አይሆንም፤ እዚህ ላይ የጸሐፊው ሥጋት ይገባኛል። 200 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የብረት ታምቡር በ200 ዲግሪ ተጨማሪ ሙቀት ስፋቱ በ0.4 ሚሊሜትር ያህል ይጨምራል። አስቀድሞ የራቀ ሸራ በዚህ ላይ ሲጨመርበት ቁልቁለቱ መሐል ላይ ፔዳሉ ጠልቆ ይገኛል። መፍትሔው ግን ማነቅ አይደለም። ቀዝቃዛ ሳለ ልኩን መስጠት ነው።

ልኩ በጆሮና በእጅ ይታወቃል። ጎማውን በእጃችሁ እያዞራችሁ ማስተካከያውን ከጀርባ ባለችው፣ ወረድ ብዬ በምጠቅሳት ቀዳዳ በኩል ጥርስ በጥርስ ግፉት። መጀመሪያ ጎማው በዝምታ ይዞራል። ቀጥሎ በአንድ ቦታ ላይ «ሻፍ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ጥቂት ጥርስ ስትጨምሩ ጎማው ይያዛል። ከዚያ ጎማው በነጻ እስኪዞርና ያ ቀላል ድምፅ ብቻ እስኪቀር ጥርሱን መልሱ። ስንት ጥርስ እንደሚመለስ እንደ መኪናው ይለያያል። ጎማው በእጅ ተገፍቶ አንድ ዙር እንኳ ካልሄደ ጠብቋል። ፔዳል ረግጣችሁ ከለቀቃችሁ በኋላ መልሳችሁ ሞክሩት፤ ሸራው ቦታውን ሲይዝ ልኩ ሊቀየር ይችላል። በኋላ እግር በሚጎተት መኪና ላይ ካምቢዮው ፎሌ ላይ መሆን አለበት፤ የዲፈረንሻሉን ክብደት ከሸራ ፍትጊያ ጋር አታምታቱት።

የጠበቀ ኋላ ሌላም አደጋ አለው። ክረምት ላይ አስፋልቱ ሲረጥብ የኋላ ጎማ ከፊተኛው ቀድሞ ከተቆለፈ የመኪናው ጀርባ ይዞራል። የታምቡር ፍሬን ባሕርይ ይህን ያባብሰዋል፤ የሚዞረው ታምቡር ወደ ፊት የሚያየውን ሸራ ራሱ ወደ ግድግዳው ይስበዋልና አያያዙ ድንገተኛ ነው።

«ዘመናዊ መኪና ፍሬኑን ራሱ ስለሚያስተካክል ታምቡር መፍታት አያስፈልግም» የሚለውስ? ራሱን የሚያስተካክል ዘዴ ያላቸው ብዙ ናቸው፤ ግን ዘዴው ከላይ በጠቀስኩት ቪትዝ ላይ እንደሆነው ይጣበቃል። መሥራት አለመሥራቱን ከውጭ ማወቅ አትችሉም። ማስተካከያውን ከመንካታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ውስጡን እዩ።

መፍታቱ ይህን ያህል አያስፈራም። በብዙ ቶዮታዎች ላይ ጎማው ከወጣ በኋላ የታምቡሩ ፊት ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች ታያላችሁ። ባለ 8 ሚሊሜትር ሁለት ቡሎኖች አስገቡባቸውና አንዱን ትንሽ፣ ሌላውን ትንሽ እያፈራረቃችሁ በ12 ቁልፍ አዙሩ። ታምቡሩ ቀስ ብሎ ከቦታው ይነሳል። ጠርዙን በመዶሻ አትምቱት፤ ብረቱ ቀልጦ የተሠራ ስለሆነ ይሰነጠቃል። ውስጡ በመበላት ጠርዝ አውጥቶ ሸራው ላይ ከተያዘባችሁ ከጀርባ ባለው ሳህን ብረት ላይ የጎማ ክዳን ያላት ቀዳዳ አለች። በእሷ በኩል በአንድ ቀጭን ካቻቢቴ የማስተካከያውን ትንሽ ምላስ ገፋ አድርጋችሁ በሌላው ጥርሱን ወደ ኋላ መልሱት፤ ሸራው ይሰበሰባል፣ ታምቡሩም ይወጣል።

አሁን የምታዩት ነገር ሁሉ ዋጋ አለው። የሸራውን ውፍረት በማስመሪያ ለኩ፤ የቶዮታ ዝቅተኛ ልክ 1 ሚሊሜትር ነው፣ ሐረጎን ለሚመላለስ ሰው ግን እዚያ ሳይደርስ መቀየር ይሻላል። በታምቡሩ ላይ የተፈቀደው ትልቁ ስፋት ተጽፎበታል፤ ለምሳሌ 200 ሚሊሜትር የሆነው 201 ሲደርስ ሥራው አልቋል። የሲሊንደሩን ጎሚኒ ጠርዝ በቀስታ ገለጥ አድርጉት፤ ውስጡ በዘይት ረጥቦ ከሆነ ሲሊንደሩ ያፈሳል፣ ማስተካከል ምንም አይፈይድም። በሂሉክስና በሃይስ ላይ ደግሞ ከአክስሉ የሚያፈስ ወፍራም ዘይት ሸራው ላይ እንዳልደረሰ አረጋግጡ። ዘይት የጠጣ ሸራ በእሳት አቃጥሎ ማድረቅ የሚሉት ዘዴ አይሠራም፤ ይቀየራል።

ማስተካከያውን ከፈታችሁት በሽቦ ቡሩሽ አጽዱትና ጥርሱ ላይ ሙቀት የሚችል ግራሶ በስሱ ቀቡት። የግራው የቀኝ፣ የቀኙ የግራ እንዳይሆን፤ የብዙዎቹ ጥርስ በተቃራኒ አቅጣጫ የተቀደደ ስለሆነ ካቀያየራችኋቸው ሸራውን በማጥበቅ ፈንታ ያላሉታል። ሞላዎቹን ከመንካታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ፤ አንዱን እግር ጨርሳችሁ ሳትገጥሙ ሌላውን አትክፈቱ። የተከፈተ ታምቡር ባለበት ፔዳል እንዳይረገጥ ለልጆቹም ንገሯቸው፤ የሲሊንደሩ ፒስተን ከቦታው ይፈናጠራል።

ጽሑፉ አቧራውን «በአየር ንፉት፣ በናፍጣ እጠቡት» ይላል። ሁለቱንም አታድርጉ። የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ ነበረባቸው፤ እጃችሁ ላይ ያለው ሸራ ከምን እንደተሠራ ሳታውቁ አቧራውን ወደ ሳንባችሁ አትንፉት። በሳሙና ውሃ አርጥባችሁ በጨርቅ ጥረጉት፣ ጨርቁን ጣሉት። ናፍጣ ቅባት ይተዋል፣ ቅባት የነካው ሸራ ደግሞ አይይዝም።

«ዋናውን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ስለሆነ የኋላው ቢላላም አያሳስብም» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ የፊቱ ድርሻ ይበልጣል። ፔዳሉ ግን አንድ ነው። የኋላው ሸራ ሩቅ ከሆነ ዘይቱ መጀመሪያ ያንን ርቀት መሙላት አለበት፤ ፔዳሉ ጠልቆ የሚይዘውም ለዚህ ነው። የኋላው ያልተሸከመውን ሙቀት ደግሞ የፊቱ ዲስክ ለብቻው ይሸከማል። ሲጫን የኋላው ድርሻ ያድጋል፤ ከኮምቦልቻ ገበያ እህል የጫነ ሂሉክስ ያለው ሰው ይህን ያውቀዋል። የእጅ ፍሬኑም ያለው በኋላ ብቻ ነው። ደሴ ውስጥ ከፒያሳ ወጣ ስትሉ መኪና የሚቆመው በዳገት ላይ ነው። በየመንገዱ ዳር ከጎማ ሥር ተደርጎ ተረስቶ የቀረ ድንጋይ የምናየው የእጅ ፍሬኑን የማያምን ሹፌር ስለበዛ ነው፤ ያ ድንጋይ ማታ ለባጃጅና ለሞተር ወጥመድ ይሆናል።

ደሴ ላይ ፔዳል የሚከብደው «ሸራ ስለጠበቀ ነው፣ ላላ አድርጉት» ለሚለው አጭር መልስ አለኝ። የእግራችንን ኃይል የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው በአየር ግፊት ልዩነት ነው። በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ በአንድ ሩብ ያህል ያነሰ ስለሆነ ሰርቮው የሚሰጠው እገዛም ይቀንሳል። ፔዳሉ የከበደው ከቆላ ስትወጡ ብቻ ከሆነ ሸራውን አትንኩት። ሁልጊዜ ድንጋይ ከሆነባችሁ ደግሞ የሰርቮውን ቱቦ አሳዩት።

«መኪናው ወደ አንድ ወገን ከሳበ የሌላውን ወገን ብቻ አጥብቁ» የሚለውን አትቀበሉት። የሚስብበትን ምክንያት ሳታውቁ አንድ ወገን ማጥበቅ ችግሩን ይሸፍነዋል። ሸራም ሲቀየር ለሁለቱም እግር አብሮ ይቀየራል።

10 ደቂቃውን በተመለከተ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራው ሰው ግማሽ ቀን ይያዝለት። ሲሊንደሩ የሚያፈስ፣ ታምቡሩ ከተጻፈበት ልክ ያለፈ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ በግቢ ውስጥ ማስተካከል ስለማይፈታው ወደ ጋራዥ ውሰዱት። ጤነኛ ሆኖ ከተገኘና ከተገጠመ በኋላ መጀመሪያ ደልዳላ ቦታ ላይ በእርምጃ ፍጥነት ፔዳሉንም የእጅ ፍሬኑንም ሞክሩ። ከዚያ ፍሬን ብዙ ሳትረግጡ ጥቂት ኪሎሜትር ነድታችሁ ቁሙና እጃችሁን ሳትነኩት ወደ ሁለቱ የኋላ ቸርኬዎች አስጠጉ። ሁለቱም ሳይፋጁ ሙቀታቸው ተቀራራቢ ከሆነ ተስተካክሏል። አንዱ ከሌላው ጎልቶ የሚፋጅ ከሆነ ያ ወገን ጠብቋል፤ መኪናው መልሶ ክሪክ ላይ ይውጣና ጥቂት ጥርስ ይመለስለት፣ እስኪስተካከልም ሐረጎን አትውረዱበት።